የፈረንሳይኛን ቃል በሥዕል ስለ ማጥናት

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። ነገር ግን በጽሑፍ ያለውም ቢሆን ከደብተሩ ወጥቶ ወደ ልቡና ካልገባ፥ በጎተራ ታሽጎ እንደ ቀረ እህል ነውና ለቤተ ሰብ ራት አይሆንም። ይልቁንም የባዕድ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው ቃሉን በደብተሩ በጻፈ ጊዜ ያገኘው ይመስለዋል፤ በሚፈልገው ሰዓት ግን ደብተሩ በቤት፥ እርሱ በመንገድ ይሆኑና አንደበቱ ይያዛል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጻችን፥ የፈረንሳይኛን ቃል በዓይነ ልቡና ሥዕል እያሰሩ ስለ ማጥናት፥ በደባርቅ ከእኅታችን ቤት ሆነን ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። የውጭውን አገር ታሪክ የሚመለከቱ ዓመታት ስላሉበት፥ የዘመኑን ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

የፈረንሳይ ቋንቋ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ያስተምር ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም የፈረንሳዮች ኩባንያ ሥራ ስለ ነበረ ቋንቋው ከሐዲዱ ጋራ አብሮ ተጓዘ። በ1947 ደግሞ የገብረ ማርያም ሊሴ ተከፈተ። ከዚህ የተነሣ ሳናውቀው የምንናገረው ፈረንሳይኛ ጥቂት አይደለም። ለገሀር የምንለው «ላ ጋር» ማለት የባቡር ጣቢያ ነው፤ ሹፌርና ጋራዥ የምንላቸውም ቃላት ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። እነዚህን ማንም ተቀምጦ አላጠናቸውም፤ ነገሩን በዓይኑ እያየ ስሙን ስለ ሰማ ብቻ አልረሳቸውም። የዛሬው ጽሑፋችን ምሥጢርም በዚህ ውስጥ ተደብቋል።

እኛ ራሳችን በልጅነታችን ፈረንሳይኛ የተማርነው በሌላ መንገድ ነበር። መምህሩ በሰሌዳው ላይ በግራ ፈረንሳይኛውን፥ በቀኝ አማርኛውን ሠላሳ ሠላሳ ቃል ይጽፉልን ነበር፤ በማግሥቱም አንድ ቃል ለተሳተ አንድ አለንጋ ነበረ። እውነቱን ለመናገር አለንጋውን እስከ ዛሬ እናስታውሰዋለን፤ ቃላቱን ግን አናስታውሳቸውም። ይህን የምንጽፈው መምህራችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነውና። ነገር ግን ብዙ ወላጆች ዛሬም ልጃቸው ቃል በረሳ ጊዜ «ሰነፍ» እያሉ ሲቈጡ እናያለን፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የልጁ ሳይሆን የማጥኛው መንገድ ነው።

አባቶቻችን ለቃል ትምህርት ያላቸው ብልኀት የሚያስደንቅ ነው። ፊደል ቈጥሮ ንባብ የለየ ልጅ ወደ ቃል ትምህርት ሲገባ፥ ያለ መጽሐፍ ብዙ ድርሰት በልቡ ይይዛል። ከእነዚህም አንዱ መልክእ የሚባለው ነው። መልክእ የሚያመሰግነውን ቅዱስ ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ፥ ዓይኑን፥ አፉን፥ እጁን፥ እያለ እስከ እግሩ ጥፍር በተራ ይወርዳል። ልጁ አንዱን አርኬ ጨርሶ የሚቀጥለው ቢጠፋበት፥ ወደ ገዛ ሰውነቱ ተመልክቶ «ከአንገት ቀጥሎ ትከሻ ነው» ብሎ ይደርስበታል። የሰው አካል እንደ መሰላል ሆኖ ቃሉን ይሸከምለታል ማለት ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሰምና ወርቅ መለየትን ይማራል፤ ሰሙ የሚታየውና የሚዳሰሰው ነገር፥ ወርቁ ግን በውስጡ የተሠወረው ምሥጢር ነው።

በውጭ አገርም ይህን የመሰለ ጥበብ ከጥንት ነበረ። ሲሞኒዴስ የሚባል የግሪክ ባለ ቅኔ የግብዣ አዳራሽ ፈርሶ እንግዶቹን በገደላቸው ጊዜ፥ እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ስፍራ በልቡ አይቶ ሙታኑን በስማቸው ለየ ይባላል፤ የሮማው ሊቅ ኪኬሮ ይህን ጽፎታል። በዘመናችንም በ1975 አትኪንሰንና ሮው የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መርማሪዎች፥ 120 የመስኮብኛ ቃላት ለተማሪዎች ሰጥተው በሦስት ቀን አስጠኑ። ከፊሎቹ የመስኮቡን ድምፅ የሚመስል የራሳቸው ቋንቋ ቃል እየተሰጣቸው ከትርጕሙ ጋራ በአንድ ሥዕል አሰሩት፤ የቀሩት በፈቀዱት መንገድ አጠኑ። በፈተናው ቀን ባለ ሥዕሎቹ ከመቶ 72 ሲያገኙ ሌሎቹ 46 አገኙ። ከስድስት ሳምንት በኋላም ሳይታሰብ ቢጠየቁ፥ የመጀመሪያዎቹ 43፥ የኋለኞቹ 28 ሆነው ተገኙ። አንባቢ ሆይ፥ ሥዕሉ እንደ ረዳ፥ ደግሞም ሥዕል ያለውም ቢሆን እንደ ተረሳ ልብ በል፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ደባርቅ እንምጣ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ደባርቅን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቈላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የስሜን ተራሮች እስከ ራስ ደጀን ድረስ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ አገር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ በ1996 አደጋ ከሚያሰጋቸው ቅርሶች መካከል ገብቶ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል። ተራሮቹን ለማየት ከልዩ ልዩ አገር እንግዶች ስለሚመጡ፥ የደባርቅ ወጣቶች ብዙዎቹ መንገድ በመምራት ይተዳደራሉ። በ2021 ጦርነት እስከ ዳባት ደርሶ ብዙ ቤት ሐዘን በገባበት ጊዜ እንግዳው ጠፋ፤ የእንግዳውም ቋንቋ ከወጣቶቹ አንደበት እየራቀ ሄደ።

የእኅታችን ልጅ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። ቤታቸው በገባን ማታ አንድ ነገር አጫወተን። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ አንዲት ያረጁ የፈረንሳይ ወይዘሮ አድጧቸው ወደቁና «ማ ማን! ማ ማን!» እያሉ ጮኹ። ፈረንሳዮች እጅን «ማን»፥ ዳቦን «ፓን» ይላሉ፤ ሁለቱም ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። ልጁም ሁለቱን ቃላት በአንድ ገጽ አጥንቷቸው ነበርና ተምታቱበት፤ ፈጥኖ ከስልቻው ዳቦ አውጥቶ ሰጣቸው። ወይዘሮዋ እያለቀሱ ሣቁ። እጃቸው ግን አብጦ ነበር።

«አጎቴ፥ ሰው እጁን ታሞ ዳቦ የሚሰጥ መሪ ምን መሪ ነው? ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሎች ፈረንሳዮች ይመጣሉ፤ እምቢ ልል አስቤያለሁ» አለን።

እናታችን እማሆይ በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲሰሙ የኖሩትን ጸሎት በሙሉ በቃላቸው ያውቁታል። «እስቲ ያን ቃል ንገሩኝ» አሉ። ማን እንደ ሆነ በነገርናቸው ጊዜ «ታዲያ ምን ያስቸግራል? በር የሚመታው እጅ አይደለም? በር ሲመታ ‹ማን?› እንላለን። እጅ ማለት ማን ነው፤ ፓን ደግሞ ያ እጅ ይዞት የመጣው ዳቦ ነው» አሉን። እኛም በመገረም ደብተራችንን አወጣን፤ በዚያች ማታ በእሳቱ ዙሪያ ሆነን አሥራ አራት ቃላት አሰርን።

ፈረንሳዮች ተራራን «ሞንታኝ» ይላሉ። እማሆይ «ሞኝ ተኛ» ብለው ሰሙት፤ ስለዚህ አንዲት ሞኝ በተራራ ጫፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ስትተኛ አየናት። በረዶ «ኔዥ» ይባላል፤ ይህ ነጭ ከሚለው ቃላችን አይርቅም፤ በረዶም ነጭ ነው። ብርድ «ፍሯ» ነው፤ የስሜንን ብርድ ያላወቀ ሰው ሲመጣ «ፍራ!» እንለዋለን። ዝንጀሮ «ሳንዥ» ይባላልና ጭላዳውን ሳንጃ አስታጥቀን ለዘብ አቆምነው። ገብስ «ኦርዥ» ነው፤ ዛላው ነጥቶ አንገቱን የደፋ ገብስ ያረጀ ሽማግሌ ይመስላልና «አረጀ» አልነው። መንገድ «ሩት» ስለሚባል በመንገዱ ላይ አንዱ ሌላውን «ሩጥ!» ይለዋል። ቤት «ሜዞን» ነው፤ አንድ ሙሉ ቤት ከነጣራው በሚዛን ተንጠልጥሎ ሲመዘን አየን። አፍ «ቡሽ» ነው፤ ብዙ የሚናገር ሰው አፉ እንደ ጠርሙስ በቡሽ ተወትፎ ማየት ደስ ያሰኛል። ፍየል «ሼቭር» ትባላለች፤ የጓሮ ጎመን ውስጥ ገብታ ሽብር አነሣች። ላም «ቫሽ» ናት፤ ማዕረጉን ሳናቃልል አንድ ባሻ ካባቸውን እንደ ለበሱ ተንበርክከው ላም ሲያልቡ አየናቸው። እሳት «ፈ» ይባላል፤ እኛ እሳት ስናነድ «እፍ» እንላለን፤ ፈረንሳዩ ትንፋሹን ብቻ አስቀርቶታል።

ፈረስ «ሽቫል» በሆነ ጊዜ ልጁ ፈገግ ብሎ «ሺ ባል» አለ። እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አንተ ልጅ፥ አንድ ባል ይበቃል!» ሲሉ ቤቱ ሁሉ በሣቅ ተናወጠ። ሺ ባሎች በአንድ ፈረስ ላይ ተፈናጠው ፈረሱ ወገቡ ሲጐብጥ ማየት ግን የማይረሳ ሆነ። በዚህም አንድ ነገር ተማርን፤ ሥዕሉ ሣቅ ወይም መደነቅ ያለበት ሲሆን ከልብ አይወጣም። የተለመደውን ነገር ዓይን አይቶ ያልፈዋል፤ ያልተለመደውን ግን ቆሞ ይመለከተዋል።

ከዚህ በኋላ ሌላ ችግር ገጠመን። ፈረንሳይኛ ማናቸውንም ነገር ወንድ ወይም ሴት ይለዋልና፥ ቃሉን ብቻ ያወቀ ሰው ጾታውን ባያውቅ ንግግሩ ያነክሳል። እኛም ቦታን መጠጊያ እናድርግ ብለን፥ ሴት የሆኑትን ሁሉ በዳባት፥ ወንድ የሆኑትን ሁሉ በደባርቅ አሰፈርናቸው። ስለዚህ ተራራ፥ በረዶ፥ ገብስ፥ መንገድ፥ ቤት፥ አፍ፥ እጅ፥ ፍየልና ላም ዘጠኙ ወደ ዳባት ሄዱ፤ ብርድ፥ ዝንጀሮ፥ ዳቦ፥ ፈረስና እሳት አምስቱ በደባርቅ ቀሩ። ልጁ «ተራራው ያለው በእኛ በኩል ነው፤ እንዴት ወደ ዳባት ይሄዳል?» ብሎ ተከራከረ። እማሆይ ግን «ተራራ ተነሥቶ ወደ ዳባት ገበያ ሲሄድ ያየ ሰው ይረሳዋልን?» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ልጁ የአንድ ቃል ጾታ ሲጠየቅ አስቀድሞ «የት ነው ያየሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከተማው ይመልስለታል።

ነገሩን ለመመዘን ሌላ አሥራ አራት ቃላት ያለ ሥዕል፥ በመደጋገም ብቻ እንዲያጠና ሰጠነው። በሳምንቱ በስልክ በጠየቅነው ጊዜ፥ ከባለ ሥዕሎቹ አሥራ አንዱን፥ ከሌሎቹ አምስቱን መለሰ። እማሆይ ከባለ ሥዕሎቹ አሥራ ሁለቱን መለሱ። እኛ ጸሓፊው ግን ዘጠኝ ብቻ ስላገኘን፥ ደብተር ያለው ሰው በደብተሩ እንደሚታመን ተረዳን። ይህ የአንድ ቤት ሙከራ እንጂ የሊቃውንት ምርመራ አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ በላይ እንደ ጻፍነው ከመርማሪዎቹ ውጤት ጋራ አይጣላም።

ይሁን እንጂ መንገዱን ሁሉ አለሳልሰን ብናቀርበው አንባቢን ማታለል ይሆናል። እማሆይ አሥራ ሁለቱን ሲመልሱ፥ ዝንጀሮን «ሳንዥ» በማለት ፈንታ «ሳንጃ» አሉ። ሰሙን ይዘው ወርቁን ለቀቁ ማለት ነው። የአማርኛው ቃል ድልድይ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም፤ ሰው ተሻግሮበት ወደ ማዶ ሊሄድ ይገባዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከተሣለ በኋላ ትክክለኛውን ድምፅ ከሚያውቅ ሰው አፍ፥ ወይም ከተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መድገም ያስፈልጋል። ከጕሮሮ የሚወጣው የፈረንሳዮች «ር»፥ በአፍንጫ የሚወጣው «ን»፥ በአማርኛ ፊደል በሙሉ አይጻፉም።

ሁለተኛው፥ ሥዕል ያለ ክለሳ እንደ ጠመኔ ጽሕፈት ይደበዝዛል። የዚያው ቀን ማታ፥ በማግሥቱ፥ በሦስተኛው ቀን፥ በሳምንቱ፥ በወሩ መከለስ ይገባል፤ ጊዜው እየራቀ ሲሄድ ድካሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲከለስም መልሱን ሸፍኖ ራስን መጠየቅ እንጂ ዝርዝሩን በዓይን ማየት ብቻ አይጠቅምም። ሦስተኛው፥ ይህ ብልኀት የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ነገር በቀላሉ ያስይዛል፤ «ምናልባት»፥ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ለመሳል ግን እጅግ ያስቸግራል። እነዚህ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሆነው በንግግር ይለመዳሉ። አራተኛው፥ ሥዕሉን ወላጅ ወይም መምህር ሠርቶ ከሚሰጥ ይልቅ፥ ልጁ ራሱ ቢፈልገው መልካም ነው፤ ራሱ የደከመበትን ነገር ሰው አይጥለውምና።

ይህን ስንጽፍ የጥንቱን ነገር እናስታውሳለን። በ1838 ወደ አገራችን የመጡት አንትዋንና አርኖ ዳባዲ የተባሉት ወንድማማች ወደ ጎንደር ደርሰው፥ ለዓመታት በአገራችን ኖረው፥ ቋንቋችንን ከአገሬው አፍ እየሰሙ ተማሩ። አንትዋን ዳባዲም የሰበሰበውን የአማርኛ ቃል በ1881 በፓሪስ በመዝገበ ቃላት አሳተመ። በዚያው ዘመን ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ የፈረንሳይ መኰንኖች የስሜንን ተራራ ወጥተው ለኩ። እነዚያ ሰዎች ቃላችንን ፈልገው ባሕር ተሻገሩ፤ ዛሬ ግን የእነርሱ የልጅ ልጆች በእግራቸው ደጃችን ድረስ ሲመጡ፥ የእኛ ልጆች ቃላቸውን በምድጃ ዳር ቢማሩ ምን ይከብዳል?

የእኅታችን ልጅ እንግዶቹን «እምቢ» አላለም። ከተራራው ሲመለስ በስልክ የነገረን አጭር ነው። በጨነቅ አጠገብ በማለዳ አንድ ሽማግሌ እንግዳ እጃቸውን ሲያሻሹ አየና «ፍሯ?» አላቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው «ላ ማን» አሉት። «አጎቴ፥ በር ሲመታ ሰማሁ» አለን፤ ዳቦውን በስልቻው ትቶ የእጅ ሹራቡን አውልቆ ሰጣቸው። ከሁለት ቃላት በላይ አላወሩም፤ ነገር ግን ተግባቡ።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ማታ ከራት በኋላ ልጆቻችሁ ደብተራቸውን ይዘው ሲቀመጡ፥ ከመቈጣት በፊት አብራችኋቸው እንድትቀመጡ እንመክራለን። አምስት ቃል ብቻ ውሰዱ፤ ድምፁ ምን እንደሚመስል ጠይቋቸው፤ የቤቱን፥ የገበያውን፥ የተራራውን ሥዕል ከእነርሱ ጋራ ፈልጉ። በቤታችሁ ያረጁ እናት ወይም አባት ካሉም አትርሷቸው፤ ፊደል ባይቈጥሩም የማስታወስ ጥበብ ከሁላችን ይልቅ በእነርሱ ዘንድ ሊገኝ ይችላልና።